አጥብቆ መያዝ በእንግሊዝኛ፦ ለአንዱ «ያዘ» የትኛውን ቃል እንምረጥ?

አንድ ስኒ ከፊታችሁ አስቀምጡ። ባዶም ቢሆን ይሆናል። አሁን አንሱት። ምን አደረጋችሁ? ያዛችሁት። ሊወድቅ ሲል አፈፍ ብታደርጉትም ያዛችሁት ነው። ማንም እንዳይነካብኝ ብላችሁ ደረታችሁ ላይ ለጥፋችሁት ብትቆሙም ያው ያዛችሁት ነው። አማርኛ «ጨበጠ»፣ «ጨመደደ»፣ «ሙጭጭ አለ» የሚሉ ጥሩ ጥሩ ቃላት አሉት። ቢሆንም በደፈናው «ያዘ» ብንል ማንም አይቸገርም።

እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ይመርጣል። የመጀመሪያው «ሆልድ» ነው። ሁለተኛው «ግራብ»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ክላች»። ስኒው ያው አንድ ስኒ ነው። የተለወጠው የጣቶቻችሁ ፍጥነትና የልባችሁ ሁኔታ ነው።

ለምን እንደጻፍኩት ልንገራችሁ። ውጭ አገር በገባሁ ሰሞን አንድ ቢሮ ደወልኩ። ሳምንት ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ጉዳይ ነው። የተቀበለችኝ ሴት «ሃንግ ኦን» አለችኝ። እኔ የማውቀው «ሃንግ አፕ»ን ነው፤ ስልክ መዝጋት። ዝጋ ያለችኝ መስሎኝ ዘጋሁት። መልሼ ስደውል ወረፋው መጨረሻ ላይ ገባሁ። ያን ቀን ጉዳዬ ሳያልቅ ዋለ። ሰዋስው አላጠረኝም ነበር። ያጠረችኝ አንዲት ትንሽ ቃል ናት። ከዚያ ወዲህ እነዚህን ቃላት ስለቅም ኖሬያለሁ። የለቀምኩትን በደረጃ በደረጃ አስቀምጬዋለሁ።

ደረጃ 1፦ የእኛን «ያዘ» መጀመሪያ አጣሩ

ስህተታችን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከእንግሊዝኛው ሳይሆን ከአማርኛው ነው። «ያዘ» በአፋችን ውስጥ ብዙ ሥራ ይሠራል። ከሥራዎቹ ግማሾቹ እንግሊዝኛ ሲሆኑ ከእጅ ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። ስለዚህ ስለ መጨበጥ ከማውራታችን በፊት እነሱን ለይተን እናውጣ።

«ስልኩ ተይዟል» ስንል መስመሩ ላይ ሌላ ሰው አለ ማለታችን ነው። አሜሪካ ውስጥ «ዘ ላይን ኢዝ ቢዚ» ይባላል። እንግሊዝ አገር ደግሞ «ኢንጌጅድ» የሚለውን ትሰማላችሁ። «ሆልድ»ን እዚህ ካስገባችሁት ሰሚው የሚረዳው ሌላ ነገር ነው።

«ቀጠሮ ይዣለሁ» የሚለው «አይ ሜድ አን አፖይንትመንት» ነው። ቀጠሮ በእንግሊዝኛ ይሠራል እንጂ አይያዝም። «ምሳ ይዤ መጣሁ» ደግሞ «አይ ብሮት ላንች» ነው፤ ማምጣቱ ራሱ መያዙን ይናገራል። «መታወቂያ ይዘሃል?» ሲሆን «ዱ ዩ ሃቭ ዩር አይዲ ኦን ዩ?» ይባላል። «ቦታ ያዝልኝ» ለጓደኛ ሲሆን «ሴቭ ሚ ኤ ሲት» ነው። ዕቃ ስንሰጥ የምንላት «እንካ፣ ያዝ» ደግሞ «ሂር ዩ ጎ» ትሆናለች። ለገንዘብ ተቀባይዋ ብሩን ዘርግታችሁ «ሆልድ» ብትሏት ደንገጥ ትላለች። ቃሉ ነውር ኖሮበት አይደለም። ያዘዛችኋት ስለሚመስላት ነው።

ከሁሉም የምወዳት «ጉንፋን ያዘኝ» ናት። በአማርኛ ያዡ ጉንፋኑ ነው። እኛ ተያዦች ነን። እንግሊዝኛ ገልብጦታል፦ «አይ ኮት ኤ ኮልድ»፤ እኔ ጉንፋኑን ያዝኩት እንደማለት ነው። ዝናብ ላይ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ይገናኛሉ። «ዝናብ ያዘኝ» ስንል እነሱም «አይ ጋት ኮት ኢን ዘ ሬይን» ይላሉ። በሁለቱም ተያዡ ሰው ነው።

ለአንድ ቀን ብቻ ይህን አድርጉ። ጠዋት ከተነሳችሁ ጀምሮ «ያዘ»ን ባላችሁ ቁጥር ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ማታ እያንዳንዱን «እዚህ ውስጥ እውነት እጅ አለ?» እያላችሁ ጠይቁ። እጅ የሌለባቸውን ለብቻ አድርጉ። የቀሩት ናቸው ከታች ያሉትን ቃላት የሚፈልጉት።

ደረጃ 2፦ እጃችሁን አስተምሩት

ይህ ደረጃ ረጅም ነው፣ አትቸኩሉበት። ስኒው አሁንም ከፊታችሁ ይሁን። እያንዳንዱን ቃል በእጃችሁ እያደረጋችሁት አንብቡ። በእጅ የተማሩት ቃል ቶሎ አይረሳም።

«ሆልድ»። ስኒውን ዝም ብላችሁ ያዙት። ኃይል የለም፣ ችኮላ የለም፣ ፍርሃት የለም። ሆልድ የሁሉም መሠረት ነው። ሲጨንቃችሁ ወደ እሱ ተመለሱ፣ ብዙ ጊዜ አያሳፍራችሁም። ያለፈው ጊዜ «ሄልድ» ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሕፃን ማቀፍ በእንግሊዝኛ «ሆልድ» ነው። አራስ ጥየቃ ሄዳችሁ «ልቀፈው?» ለማለት «ካን አይ ሆልድ ዘ ቤቢ?» ነው የሚባለው። ብዙዎቻችን «አቀፈ»ን ሰምተን ወደ «ሃግ» እንሮጣለን። ሃግ ሰላም ስትባባሉ እቅፍ አድርጎ መልቀቅ ነው። ሕፃኑን ተቀብሎ ክንድ ላይ ማቆየቱ ግን ሆልድ ነው። ማዘል ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱ «ኬሪ» ይባላል።

«ግሪፕ»። አሁን ስኒውን ሰው ሊቀማችሁ እንደሚጎትት አስቡና አጥብቁት። ጣቶቻችሁ ነጭ እስኪሆኑ። ግሪፕ ማለት እንዳያመልጥ፣ እንዳያንሸራትት በኃይል መያዝ ነው። መዶሻ፣ የመኪና መሪ፣ የአውቶቡስ ብረት የሚያዙት በግሪፕ ነው። እጅ የሌላቸው ነገሮችም ግሪፕ አላቸው። ዝናብ ላይ ጎማው አስፋልቱን ካልያዘ ጎማው ግሪፕ የለውም ይባላል። ጫማም እንደዚያው ነው።

ስለ ግሪፕ ካነሳን የእጅ ሰላምታን ማለፍ አልችልም። እኛ አገር ታላቅን ስንጨብጥ እጃችንን ላላ እናደርጋለን። ግራ እጃችንን ቀኝ ክንዳችን ላይ ደገፍ አድርገን ዝቅ እንላለን። ይህ አክብሮት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትገቡ ግን የሚጠበቀው «ፈርም ግሪፕ» ነው፤ ጠበቅ ያለ፣ አጭር፣ ዓይን ለዓይን የሚተያዩበት። ላላ ያለውን እጅ «ሊምፕ» ይሉታል። ያ ቃል የሰነፍና የራስ መተማመን የሌለው ሰው ስሜት አለው። አክብሮታችሁ እንደ ድክመት እንዳይነበብባችሁ ቤት ውስጥ ከሰው ጋር ተለማመዱ። አባባን ስትጨብጡ ግን በራሳችሁ መንገድ ጨብጡ።

«ግራብ»። ስኒውን ጠረጴዛው ላይ መልሱት። አሁን በአንድ ቅጽበት ብድግ አድርጉት። ግራብ ዋናው ነገሩ ፍጥነት ነው። አፈፍ፣ ለቀም፣ ብድግ የምንላቸው ሁሉ እዚህ ይገባሉ። ከዚህ የተነሳ በየቀኑ ንግግር ውስጥ «ቶሎ ብሎ ማድረግ» የሚል ትርጉም አውጥቷል። «ሌትስ ግራብ ኮፊ» ማለት ቡና ቶሎ ብለን እንጠጣ ነው። የእኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በግራብ ውስጥ አይገባም። የሥራ ባልደረባችሁ እንዲህ ሲላችሁ ሃያ ደቂቃ አስቡ። «ግራብ ኤ ሲት» ደግሞ «ተቀመጥ በቃ» የሚል ወዳጃዊ ግብዣ ነው። ቁጭ ብሎ ወንበር መንጠቅ አይደለም።

ግራብ ሰው ላይ ሲሆን ግን ይከብዳል። እባካችሁ ይህን አስተውሉ። ልጃችሁ ወደ መኪና መንገድ ሲሮጥ እጁን ያዛችሁት እንበል። ለአስተማሪው ስትነግሩ «አይ ግራብድ ሂም» ካላችሁ በጉልበት፣ በድንገት ያዝኩት ብላችኋል። ነገሩ እንዲያ ከነበረ ልክ ነው፤ ልጁ ሊገጭ ነበርና። ነገር ግን እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ እየሄዳችሁ ከነበረ «አይ ሄልድ ሂዝ ሃንድ» ነው ትክክሉ። ፖሊስ ጋ፣ ትምህርት ቤት፣ ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ እነዚህ ሁለት ቃላት የተለያየ ታሪክ ይናገራሉ። ከየትኛውም ቃል በላይ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ።

«ክላች»። ስኒውን ወደ ደረታችሁ አምጡት። በሁለት እጅ። ክላች ውስጥ ጭንቀት አለ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ ጨምድዳ የተቀመጠች እናት «ክላች» አድርጋዋለች። ድንገት ደረቱን የሚይዝ ሰውም እንዲሁ። መኪና የነዳ ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል፤ እኛ ከጣሊያን ወስደን «ፍሪሲዮን» የምንለው ነገር በእንግሊዝኛ ክላች ነው። ሞተሩንና ማርሹን የሚያያይዝና የሚያላቅቅ ስለሆነ ስሙ ይገጥመዋል። ማንጠልጠያ የሌላት፣ ሰርግ ላይ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ቦርሳም ክላች ትባላለች። ቅርጫት ኳስ ለሚወዱ ደግሞ ሌላም አለ። ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃ ሲቀረው፣ ሁሉ ሲጨነቅ የሚያገባ ተጫዋች «ክላች» ነው። የአሜሪካው ሊግ ኤንቢኤ ከ2022–23 የውድድር ዘመን ጀምሮ ለዚህ ብቻ ሽልማት ይሰጣል።

«ክሊንግ»። እዚህ ስኒው አይበቃንም። መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ የእናቱን እግር አቅፎ አልለቅም ያለ ልጅ አስቡ። ሙጭጭ ማለት ነው። ክሊንግ በጣት ብቻ አይደለም፣ በመላ ሰውነት ነው። ያለፈው ጊዜ «ክለንግ» ይባላል። ነገሮችም ክሊንግ ያደርጋሉ፤ ዝናብ የመታው ሸሚዝ ጀርባ ላይ ሲጣበቅ፣ ደርቆ የወጣ ልብስ በኤሌክትሪክ ሲለጠፍ። እንግሊዝ አገር ምግብ የሚሸፈንበት ስስ ፕላስቲክ ስሙ «ክሊንግ ፊልም» የሆነው ለዚህ ነው። ከዚሁ የወጣ «ክሊንጊ» የሚል ቅጽል አለ። ለልጅ ሲባል ሐዘኔታ አለው። ለትልቅ ሰው ሲባል ግን ነቀፋ ነው፣ «ለቀቅ አያደርግም» ማለት ነው። ለሰው ከመናገራችሁ በፊት አስቡበት።

«ክሌንች» ደግሞ የሚያዘው የራስ አካል ነው። ጥርስ፣ መንጋጋ፣ ቡጢ። ስኒ ክሌንች አይደረግም። «ክላስፕ»ን በፍጥነት ልለፈው። ጣት በጣት ተጠላልፎ ሲያያዝ ወይም የአንገት ሐብል መቆለፊያ ሲሆን ይበቃችኋል። «ስኩዊዝ» መጭመቅ ነው። ሎሚ ይጨመቃል፣ የታማሚ እጅ በፍቅር ጨመቅ ይደረጋል። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚለውም በእንግሊዝኛ «ስኩዊዝ ኢን» ነው።

አንድ ለማስታወስ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ቃላቱን ጮክ ብላችሁ በሉ። ክላች፣ ክሊንግ፣ ክሌንች፣ ክላስፕ። ሁሉም የሚጀምሩት «ክል» በሚል ድምፅ ነው። ግሪፕ፣ ግራብ፣ ግራስፕ ደግሞ በ«ግር»። የቋንቋ ሊቃውንትም ይህን አስተውለውታል። እኔን የገረመኝ ግን የእኛ ነው። ጨበጠ፣ ጨመቀ፣ ጨመደደ። ሦስቱም በ«ጨ» ይጀምራሉ። «ጨ» ስትሉ ምላሳችሁ ላንቃችሁ ላይ ጥብቅ ብሎ ነው የሚለቀው። አፋችን ራሱ የሚጨብጥ ይመስላል።

ደረጃ 3፦ «ታይት» ወይስ «ታይትሊ»?

ትምህርት ቤት ግስን የሚገልጽ ቃል «ሊ» ይጨመርበታል ተብለን ነው ያደግነው። «ታይት» (ጥብቅ) ላይ ሕጉ ላላ ይላል። ከሆልድ ወይም ከስኩዊዝ በኋላ ሲመጣ ያለ «ሊ» ይነገራል፦ «ሆልድ ታይት»። ድሮ የእንግሊዝ አውቶቡስ ትኬት ቆራጮች «ሆልድ ታይት ፕሊዝ» ይሉ ነበር። ከሌላ ቃል ፊት ሲቆም ግን «ታይትሊ» ይሆናል፦ «ታይትሊ ፓክድ»፤ ጥቅጥቅ ብሎ የታሸገ። ከዚህ በላይ አትጨነቁ።

ሦስት የተለመዱ አባባሎችን ግን ያዙ። «ሲት ታይት» ማለት ባላችሁበት ቆዩ፣ አትነሱ ነው። «ስሊፕ ታይት» ደህና እደሩ ለልጅ ሲባል። «መኒ ኢዝ ታይት» ሲሉ ደግሞ እጅ አጥሯል ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ስልክ፣ ባንክ፣ ምግብ ቤት

ወደ እኔ ስልክ እንመለስ። የድሮ ስልክ ግድግዳ ላይ ነበር። ማዳመጫው መንጠቆው ላይ ሲሰቀል ንግግሩ ይቋረጣል። «ሃንግ አፕ» የመጣው ከዚያ ነው፤ ስቀለው፣ ዝጋው። «ሃንግ ኦን» ግን ተንጠልጥለህ ቆይ፣ አትልቀቅ ነው። አንዱ በር ይዘጋል፣ ሌላው በር ላይ ያቆያል። «ሆልድ ኦን»ም ያው ነው፣ አንዴ ቆይ። «ፕሊዝ ሆልድ» ካሉ በኋላ ሙዚቃ ከመጣ መስመሩ ላይ ናችሁ፣ አትዝጉ። «ሃንግ ኢን ዜር» ደግሞ ከስልክ ጋር ግንኙነት የለውም። «አይዞህ፣ በርታ» ነው፤ ለታመመ፣ ለተቸገረ የሚባል።

«አይ ኩድንት ጌት ሆልድ ኦፍ ዩ» ሲሏችሁ ደውለን አጣንህ ማለታቸው ነው። አሜሪካኖች መሃል ላይ «ኤ» ይጨምሩበታል፣ «ጌት ኤ ሆልድ»። ትርጉሙ አይለወጥም።

ባንክ «ዜር ኢዝ ኤ ሆልድ» ካለ ገንዘቡ አለ፣ ግን እስኪጣራ ቆሟል። ካርዳችሁን ሆቴል ወይም ነዳጅ ማደያ ስትጠቀሙም እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የተወሰነ ገንዘብ ይታገድና ትክክለኛው ሒሳብ ሲታወቅ ይለቀቃል። ተሰረቅሁ ብላችሁ ከመደንገጥ በፊት «ኢዝ ኢት ኤ ሆልድ ኦር ኤ ቻርጅ?» ብላችሁ ጠይቁ። ታግዶ ነው ወይስ ተቆርጦ ማለት ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «ፕሌስ ኤ ሆልድ» ደግሞ ጥሩ ዜና ነው። መጽሐፉ ሲመለስ ለእናንተ ይቀመጣል።

ምግብ ቤት ውስጥ ሆልድ ፊቱን ያዞራል። አሜሪካ «ሆልድ ዘ ቺዝ» ማለት አይቡን አታድርግበት ነው። ያዘው፣ እዚያው አንተ ጋ ይቅር እንደማለት። ለጾመኛ ይህቺ ወርቅ ናት። የአትክልት ሳንድዊች ስታዝዙ «ሆልድ ዘ ቺዝ፣ ሆልድ ዘ ሜዮ» በሉ። ማዮኔዝ እንቁላል እንዳለበት ብዙ ሰው ልብ አይልም። ሌላ አገር ከሆናችሁ ወይም ከተጠራጠራችሁ «ኖ ቺዝ» በሉ፣ ሁሉም ቦታ ይሠራል።

ደረጃ 5፦ ሐኪም ፊት

እዚህ ላይ ቃሉን ማወቅ ከጨዋነት ያልፋል። ደረታችሁን ጨምድዶ ሲይዛችሁ «ፔይን» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። «ታይት»፣ «ስኩዊዚንግ» እና «ፕሬሸር» (ጫና) የሚሉትን ቃላት ተጠቀሙ። ሐኪሞች የልብ ሕመምን ከሚጠረጥሩባቸው መግለጫዎች ውስጥ እነዚህ አሉ። «ማይ ቼስት ፊልስ ታይት» ማለት ደረቴን ጭምቅ አድርጎ ያዘኝ ነው። እንዲህ ከተሰማችሁ ወዲያው ለድንገተኛ እርዳታ ደውሉ፣ ቃላት እስክታሳምሩ አትጠብቁ።

ራጅ ስትነሱ «ቴክ ኤ ዲፕ ብሬዝ ኤንድ ሆልድ ኢት» ትባላላችሁ። አየር ስባችሁ ትንፋሽ ያዙ ነው። መርፌ ሲሆን «ሆልድ ስቲል»፤ አትነቃነቁ። የጥርስ ሐኪም «ዱ ዩ ክሌንች?» ሲል ሌሊት ጥርስ ትነክሳላችሁ ወይ እያለ ነው። ነርቭ የሚመረምር ደግሞ ሁለት ጣቱን ይሰጣችሁና «ስኩዊዝ ማይ ፊንገርስ» ይላል። አትፈሩ፣ ጨምቁት። የሚፈልገው ኃይላችሁን ነው።

«ሲዝ» የሚለውን ግስ በዜና ትሰማላችሁ። ጉምሩክ ዕቃ ሲይዝ፣ ሠራዊት ሥልጣን ሲጨብጥ። ስሙ «ሲዠር» ግን ሆስፒታል ውስጥ ሌላ ነው፤ ሰውነት ከቁጥጥር ወጥቶ ሲንቀጠቀጥ፣ የሚጥል በሽታ ላይ የምናየው። «ሃቭ ዩ ኤቨር ሃድ ኤ ሲዠር?» ብለው ሲጠይቁ ተይዘህ ታውቃለህ ወይ፣ ታስረህ ታውቃለህ ወይ እያሉ አይደለም። ለወላጆቻችሁ የምታስተረጉሙ ልጆች ይህቺን አደራ።

ደረጃ 6፦ እጅ ወደ ሐሳብ ሲሻገር

ይህኛውን በጣም እወደዋለሁ፤ የእኛ ቋንቋ ቀድሞ መንገዱን ጠርጎልናልና። «ግራስፕ» በእጅ መጨበጥ ነው። መረዳትም ነው። አማርኛስ? ከ«ጨበጠ» «ጭብጥ» ወጣ። የነገሩን ጭብጥ ያዝኩ እንላለን። «ተጨባጭ ማስረጃ» እንላለን፣ እጅ የሚገባ። «እውቀት ጨበጠ» እንላለን። ስለዚህ «ሺ ሃዝ ኤ ጉድ ግራስፕ ኦፍ ማዝ» ሲባል ስትሰሙ አዲስ ነገር አትማሩም፣ ሒሳብን በደንብ ጨብጣዋለች ነው። ሥልጣን መጨበጥም በሁለቱም ቋንቋ የእጅ ሥራ ነው። ሥልጣን ላይ ሙጭጭ ማለት ደግሞ «ክሊንግ ቱ ፓወር» ነው። ቂም እንይዛለን፤ እነሱም «ሆልድ ኤ ግራጅ» ይላሉ። እነዚህን ቃል በቃል ብትሻገሩ አትወድቁም።

የሚለያዩትም አሉ። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ እንደሚጨብጠው፣ እንግሊዝኛው ሰውዬ ጭድ ይጨብጣል። እንግሊዝ አገር «ክላቺንግ አት ስትሮውስ»፣ አሜሪካ «ግራስፒንግ አት ስትሮውስ» ይባላል። ጥሩ ታሪክ እኛን ልብ ያንጠለጥላል፣ እነሱን በግሪፕ ይይዛል፣ «ግሪፒንግ» ነው። ገንዘብ የማያወጣውን ሰው እኛ «ቋጣሪ» እንለዋለን፤ ነጠላ ጫፍ ላይ የተቋጠረ ብር ይታየኛል። እነሱ «ታይት ፊስትድ» ይሉታል፣ ቡጢው የማይፈታ። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው፣ አንዱ ቋጠሮ ይዟል፣ ሌላው ጡጫ።

«ጌት ኤ ግሪፕ» ላይ ተጠንቀቁ። ራስህን ግዛ፣ ሰብሰብ በል ነው። ለራስ ሲባል ምንም አይደል። ላዘነ ሰው ሲባል ግን ስድብ ሊሆን ይችላል። ለቅሶ ቤት ማንም «ቻል አድርገው» እንደሚለው አታድርጉት። ለዚያ «ሃንግ ኢን ዜር» አለላችሁ። «ከም ቱ ግሪፕስ ዊዝ» ግን ደግ ነው፤ ከከባድ ነገር ጋር ፊት ለፊት ተያይዞ ቀስ በቀስ መቀበል። እንግሊዞች «ጌት ቱ ግሪፕስ ዊዝ» ማለት ይቀናቸዋል።

በመጨረሻ «ዶንት ሆልድ ዩር ብሬዝ»። ራጅ ክፍል ውስጥ አይደለችም ይህቺ። «ትንፋሽህን ይዘህ አትጠብቅ፣ ቶሎ አይመጣም» ማለት ነው። ስለ አንድ ጉዳይ ጠይቃችሁ እንዲህ ከተባላችሁ ሌላ ሥራችሁን ጀምሩ።

ደረጃ 7፦ አሁን እናንተ

ቃላቱን ብቻቸውን አትሸምድዱ። ከሚያዘው ነገር ጋር አጣምሯቸው፦ ክሌንች ከቡጢ፣ ግሪፕ ከመሪ፣ ክላች ከቦርሳ፣ ክሊንግ ከእናት እግር፣ ግራብ ከቁልፍ፣ ሆልድ ከሕፃን። ስድስት ጥንድ ነው። ለሳምንት ስኒ ባነሳችሁ ቁጥር አንዱን በእጃችሁ ሠርታችሁ አንዱን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላችሁ በሉ።

ከዚያ እነዚህን አምስት ሞክሩ። መልሱን ሳታዩ ወረቀት ላይ ጻፉ። አንድ፦ አውቶቡሱ ድንገት ሲነሳ ብረቱን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ሁለት፦ ውጤቷን የምትጠብቅ ሴት ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ሦስት፦ ረፍዶብኝ ቁልፌን ብድግ አድርጌ ወጣሁ። አራት፦ ልጁ አያቱን አልለቅም አለ። አምስት፦ ደጋግሜ ደወልኩ፣ ስልኩ ተይዟል።

አንደኛው ግሪፕ ነው፤ «ሄልድ ኦን ታይት» ያላችሁም ልክ ናችሁ። ሁለተኛው ክላች፣ ሦስተኛው ግራብ፣ አራተኛው ክሊንግ ነው። አምስተኛው ላይ ከስድስቱ አንዱን የጻፋችሁ ካላችሁ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱና እንደገና አንብቡት።